ክሮም 154 ጂንካ ሲደርስ

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ጂንካ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ አስጎብኚ፣ ወደ ቱርሚ የሚወስዳቸው እንግዶች እስኪመጡ በካፌው ዋይፋይ አንድ ድረ ገጽ ከፈተ እንበል። አድራሻው የሚጀምረው ያለ «ኤስ»፣ በ«ኤችቲቲፒ» ብቻ ከሆነ፣ ዋይፋዩን የሚቆጣጠር ሰው እሱ የሚያነበውን ማየት ይችላል። ይባስ ብሎም ገጹን ቀይሮ ሊያሳየው ይችላል።

ጉግል ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ያሰበውን በኦክቶበር 2025 አሳውቋል። በኦክቶበር 2026 ይወጣል የተባለው ክሮም 154፣ እንዲህ ያለ ያልተመሰጠረ የሕዝብ ድረ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። አዘውትረው የሚገቡበት ገጽ ላይ ግን በየጊዜው አይነዘንዝም። 192.168.1.1 የመሰለው የራውተር ማስተካከያ አድራሻም አይነካም፤ የሆቴል ዋይፋይ የሚያስተዳድሩ ልጆች እፎይ ይበሉ።

ሥራው የሚበዛው በድረ ገጽ ባለቤቶች ላይ ነው። የሎጅ ወይም የመሥሪያ ቤት ገጽ «ኤስ»ን የሚያስገኘው ሰርተፍኬት ሳይኖረው ከቆየ፣ ጎብኚውን የሚቀበለው ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ሰበብ ግን የለም፦ ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት በነጻ ማደል ከጀመረ ቆይቷል፣ ከ2015 ጀምሮ።

ስልክስ?

እዚህ ላይ ዜናው ብዙም አያስደስትም። ከክሮም 139 ወዲህ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ የግድ ነው፤ አንድሮይድ 8 እና 9 ያላቸው ስልኮች 138 ላይ ቆመዋል። ያም ሆኖ ጥበቃው አሁንም በእጅ ሊበራ ይችላል። ሴቲንግ ገብቶ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ከሚለው ሥር «ኦልዌይስ ዩዝ ሴኪዩር ኮኔክሽንስ»ን መጫን ነው።