መብራት ሲሄድ የሚረጋ ቀለም

ካሊቲ መናኸሪያ አካባቢ፣ ጅምላ መደብር በራፍ ላይ ካርቶን ሲራገፍ ካያችሁ ጎኑን ተመልከቱት። የተመረተበት ቀንና የምርት መለያ ቁጥር ታትሞበታል። ጽሑፉን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ቀለሙ ካርቶኑ ውስጥ ሰርጎ ከሆነ ምንም አይወጣም። ከላይ ትንሽ አበጥ ብሎ፣ ሲፋቅ እንደ ሻማ ፍርፋሪ የሚራገፍ ከሆነ ግን ያ ቀለም ማተሚያው ውስጥ ሲገባ ፈሳሽ አልነበረም፤ ጠጣር ሰም ነበር።

ማሽኑ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ከፀጉር በማይወፍሩ ቀዳዳዎች በኩል ጠብታ ጠብታ አድርጎ ይወረውረዋል፣ ጠብታው ካርቶኑን በነካ ቅጽበት ይረጋል። እስኪደርቅ መጠበቅ የለም፣ ሻካራ ካርቶን ላይም አይንሰራፋም። ይህን ዘዴ በቢሮ ደረጃ ያስተዋወቀው የአሜሪካው ቴክትሮኒክስ ነው፤ ፌዘር በሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው። በ2000 የማተሚያ ክፍሉን ዜሮክስ ጠቀለለው።

ጣጣው ሙቀቱ ላይ ነው። ጧፍ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሰሙ ገና ከሆነ ፈትሉ ላይ ይጓጉላል። ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ እንደ ውሃ ይንጠባጠብና ፈትሉን ሳያለብሰው ይወርዳል፤ ቆይቶም ይጨሳል፣ ይጠቁራል። ማተሚያውም ያው ነው። ቀለሙ ሲቀዘቅዝ ወፍሮ ከቀዳዳው አልወጣ ይላል። ሲበዛበት ቀጥኖ በቀዳዳው ዙሪያ ያዥና ጠብታው ይበታተናል። የሚረጨው በአብዛኛው ከ120 እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። አቃቂ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስቡና እጃችሁን አርቁ።

ታዲያ ማሽኑን ቀኑን ሙሉ 140 ላይ ማቆየት ለምን አይበቃም? ሰም ሙቀት ላይ ሲቆይ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ይበላሻል፤ መልኩ ይለወጣል፣ ይወፍራል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። እንደ ስፔክትራ ያሉ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የደረሱበት መላ ሙቀቱን በደረጃ መክፈል ነበር። ማጠራቀሚያው ከመቅለጫው ነጥብ ጥቂት ከፍ ብሎ ይያዛል፤ ቀለሙ ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃል እንጂ አይቃጠልም። ሙሉ ሙቀት የሚያገኘው ወደሚረጨው ጭንቅላት ሲደርስ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቱም ወደ ዝቅተኛው ሙቀት ይመለሳል። አነስተኛ የሙቀት መለኪያዎች እየለኩ ማሞቂያውን ያበሩታል፣ ያጠፉታል።

ይህም ሆኖ እኩል ማሞቅ ከባድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ሴት ታውቀዋለች፦ መሃሉ ዓይን አውጥቶ ጠርዙ ድፍን የሚልበት ቀን አለ። የጭንቅላቱም ጠርዝ ሙቀት ቶሎ ያጣል። ዳር ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ደካማ ጠብታ ሲያወጡ ሕትመቱ ላይ መስመር መስመር ይታያል። ለዚህ ነው ማሞቂያው ለዳሩ ጨመር እንዲል ተደርጎ የሚሠራው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መብራት ሲሄድ ነው። የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል ከአቃቂ ወረድ ብሎ ነው ያለው፤ ጉርብትናው ግን የሰፈሩን ፋብሪካዎች ጀነሬተር ከመግዛት አላዳናቸውም። ኃይል ሲቋረጥ ቀለሙ ባለበት ይረጋል። ሰም ሲረጋ ደግሞ ይኮማተራል፤ የለቀቀውን ቦታ በቀዳዳው በኩል የገባ አየር ይይዘዋል። መብራት መጥቶ ቀለሙ ሲቀልጥ አየሩ አረፋ ሆኖ ውስጥ ይቀራል። ጭንቅላቱ ውስጥ ጠብታውን ወደ ውጭ የሚገፋው ትንሽ ክሪስታል ሲመታ፣ አረፋው እንደ ስፖንጅ ምቱን ይውጠዋል። ቀዳዳው አልተደፈነም፣ ቀለሙም ትኩስ ነው፣ ግን ምንም አይወጣም። ባለሙያ ያልሆነ ሰው እዚህ ላይ ቀዳዳውን በመርፌ ሊጎረጉር ይከጅላል፤ ያኔ የእውነት ይበላሻል።

መፍትሔው አረፋውን ከነቀለሙ ገፍቶ ማስወጣት ነው። ማሽኑ ራሱ ያደርገዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እስኪሞቅና እስኪጸዳ ሩብ ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። በእኔ ግምት መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ማሽን የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ስለ ጀነሬተሩ ቢያስብ ይሻለዋል፤ ማሞቂያው ኃይል ስለሚበላ ለኮምፒዩተር የተገዛ ትንሽ ባትሪ ብዙ አያቆየውም።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ቀለም የታተመ ሰርተፊኬት ይዛችሁ በሙቅ ማሽን ላሚኔት ለማስደረግ እንዳትሄዱ። ቀለሙ እንደገና ቀልጦ ስማችሁ ይዝረከረካል።

የቢሮውን ማሽን የቆሻሻ መያዣ የከፈተ ሰው የመብራቱን ሒሳብ እዚያ ያገኘዋል። በየማጽዳቱ የወጣው ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ተቀላቅሎ፣ የመያዣውን ቅርጽ ይዞ እንደ ጡብ ረግቷል። ተመልሶ አይገባም፤ ይጣላል።