ገበያ በቀኑ፣ ወሬ በገበያው
ገዢና ሻጭ የሚነጋገሩበት መድረክ እንዴት ይቆማል? ምንስ ያፈርሰዋል?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ የገበያ ቀን ሁለት ሸቀጥ ይቀርባል። አንዱ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላውና በጉ ነው። ሁለተኛው ወሬ ነው። ገብሱን በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ የጆንያውን አፍ ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። ባለፈው ሳምንት ስንት ዋለ? አቀስታስ? ደሴስ ምን ይላል? ከጎጃም በኩል ነጋዴ ተሻግሯል ወይ? በልጉስ በእነ እገሌ አገር ጥሏል? ለዚህ ሁሉ ጥያቄ ቀረጥ የለበትም፤ ደረሰኝም አይቆረጥለትም። ነገር ግን ገበሬው ገብሱን ይሽጥ ወይስ መልሶ ይጫን የሚለውን የሚወስነው ከዚህ ጥያቄ የሚያገኘው መልስ ነው። ሳይሸጥ የተመለሰ ሰው የልቡን ሰምቶ ከሆነ ቀኑ በከንቱ አለፈ አይልም።

በየጊዜው ከተሞች የገበያ ቦታ ይከልላሉ፤ ቆርቆሮ ያለብሳሉ፤ የሲሚንቶ መደብ ይሠራሉ። አንዳንዱ ወዲያው ሞቅ ይላል፤ ሌላው የፍየል መጠለያ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ በግንቡ ጥራት አይገለጽም። ሰው ተሰብስቦ የሚነጋገርበት ቦታ የራሱ አሠራር አለው። ይህንንም ከወሎ ሳምንታዊ ገበያ፣ ከአዲስ አበባው እህል በረንዳና ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ቀን መቁረጥ

የመጀመሪያው ነገር ቀን ነው። የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተሞች ስም ይህንኑ ይመሰክራል። ማክሰኝት፣ ሐሙሲት፣ ሮቢት፣ አርብ ገበያ፣ ሰንበቴ፤ ሁሉም ስማቸውን የወሰዱት ከገበያ ቀናቸው ነው። መጀመሪያ ቀኑ ተቆረጠ፤ ከተማው ከኋላ መጣ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ከደጋ የሚወርደው አማራና ኦሮሞ ከቆላ ከሚወጣው አፋር ጋር በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ሰኞ ባይባል ኖሮ አንዱ ማክሰኞ መጥቶ ሌላው ሐሙስ ይመጣና ሳይተያዩ ይተላለፉ ነበር።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አዲስ መድረክ የሚከፍቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሻጭ የሚመጣው ገዢ አለ ብሎ ነው፤ ገዢም የሚመጣው ሻጭ አለ ብሎ ነው። ሁለቱ እየተጠባበቁ ማንም ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። ሃምሳ ሰው በሰባት ቀን ተከፋፍሎ ቢመጣ ሜዳው ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል። ያው ሃምሳ ሰው በአንድ ጠዋት ቢመጣ ግን ገበያ ሆነ ይባላል፤ ያንን ያየ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ሰው ሰውን ይጠራል የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ከጎረቤት ጋር አለመጋጨት ነው። ተቀራራቢ ገበያዎች ቀናቸውን ይለያያሉ። በዚህም የተነሳ ነጋዴው ሰኞ ከአንዱ፣ ረቡዕ ከሌላው፣ ቅዳሜ ከሦስተኛው ይውላል። ከአንዱ ያገኘውን ዋጋ ለሌላው ያደርሳል። ገበያዎቹ የሚነጋገሩት በዚህ ዟሪ ነጋዴ አማካይነት ነው። ጥንት የመንግሥት አዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር የነበረውም ለዚህ ነበር፤ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ። በየቤቱ ከመዞር ሰው በራሱ ፈቃድ ከሚሰበሰብበት ቦታ መናገር ይቀላል።

የሚያውቅና የሚዳኝ

ቀን ተቆርጦ ሰው ከመጣ በኋላ የሚያቆየው ምንድን ነው? መልሱ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ አንዱ የሚያገናኝ፣ ሌላው የሚዳኝ።

የሚያገናኘው ደላላ ነው። ደላላ በአገራችን ስሙ ብዙም አይወደስም። ሥራው ግን ተጠንቷል። ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረመድኅን በኢትዮጵያ የእህል ንግድ ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ታትሟል። ጥናቱ እንደሚያሳየው በክፍለ ሀገር ያለ ነጋዴ እህሉን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ገዢ የሚያገኝለት በእህል በረንዳ ያለ ደንበኛ ደላላው ነው። እህሉ ደረጃ አልወጣለትም፤ የተጻፈ ውልም የለም። ደላላው እህሉን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዘግኖ፣ የዕለቱን አቅርቦት መዝኖ ዋጋ ይቆርጣል። ነጋዴውም ደላላ አይለዋውጥም፤ ከአንዱ ጋር ለዓመታት ይሠራል። ምክንያቱም አንድ ጊዜ የዋሸ ደላላ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ አይደወልለትም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚባለው በንግድ ዓለም የሚሠራው፣ ሰውዬው ተመልሶ እንደሚመጣ የታወቀ እንደሆነ ነው። መንገደኛ ሊዋሽ ይችላል፤ ቋሚ ደንበኛ ግን መዋሸት ይከብደዋል።

የሚዳኘው ደግሞ በቀድሞው ዘመን ነጋድራስ ነበር። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ ያስከፍላል፤ በነጋዴዎች መካከል የተነሳውን ክርክርም ያያል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት ገብረሕይወት ባይከዳኝም የሚጠሩት በዚሁ ማዕረግ ነው። ግርግር ለሌባ ያመቻል እንደሚባለው፣ የሰው ብዛት ብቻውን ለገበያ በረከት አይሆንም። መስፈሪያውን ያሳነሰ፣ የታመመ በግ ደህና ነው ብሎ የሸጠ፣ የሐሰት ዋጋ የነዛ ሰው ሳይጠየቅ ከቀረ ቀድሞ የሚሸሸው ጨዋው ነው። ጨዋው ከሸሸ በኋላ የሚቀረው ሕዝብ ቢበዛም እርስ በርሱ ስለማይተማመን ወሬው ዋጋ ያጣል። በሌላ በኩል ዳኛው በጣም ከከበደ፣ በረባ ባልረባው ካስቀጣና ኬላ ካበዛ፣ ሻጩ ከከተማ ውጭ በመንገድ ዳር መሸጥ ይጀምራል። ልኩን ማግኘት ከባዱ ሥራ ነው።

ወሬው ሲቋረጥ

ይህ ሁሉ ስለ ሞቅታ ብቻ የሚነገር እንዳይመስል የወሎን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ተመታች። አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምረዋል። ሴን ያስተዋሉት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አለመወደዱን ነው፤ እንዲያውም ከወሎ እህል እየወጣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። እህል የሚጎተተው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ምርቱ የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚከፍለው ስላልነበረው ረሃቡ በዋጋ አልተነገረም። ሌሎች ተመራማሪዎች በመንገድ እጦት ገበያዎቹ ተለያይተው እንደነበር በመጥቀስ ተከራክረዋቸዋል። በሁለቱም በኩል ቢታይ ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው በገበያ ድምፅ የለውም፤ ዋጋን ብቻ የሚያዳምጥ ሹምም አይሰማውም።

በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ደግሞ ሌላ ነበር። በደርግ ዘመን መንግሥት ያቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ እየመደበ በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር። ነጋዴ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል እንዳያሻግር ኬላ ተጣለበት፤ ትርፍ አምራች በሆኑት በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ንግድ እስከ መከልከል ደረሰ። ቦረና ማለት ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምን ፊት ለፊት የሚያይ አገር ነው። በአንዱ ማዶ እህል እያለ፣ በሌላው ማዶ ሰው እየተራበ፣ በመካከል ይዞ የሚሻገረው ነጋዴ ግን ሕገ ወጥ ነበር። እህሉ ብቻ ሳይሆን ወሬውም አብሮ ታገደ። ቁጥጥሩ የተነሳው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው። ዛሬ መካነ ሰላምን ከመርጡለ ማርያም የሚያገናኝ መንገድና የዓባይ ድልድይ አለ።

ነጻ ንግድ ብቻውን እንደማይበቃም ታይቷል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ከመውደቁ የተነሳ የአጨዳውን ወጪ ስለማይሸፍን በማሳ ላይ የቀረ ነበር። በማግስቱ በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲጠፋ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ። ትርፍ ያለበትና እጥረት የሚመጣበት ቦታ በጊዜ አልተገናኙም።

ባዶው ወለል

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተፀነሰው ከዚህ ችግር ነው። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቋመ፤ ወይዘሮ እሌኒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የመጀመሪያው ግብይት በአዲስ አበባ ተካሄደ። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። መጋዘን፣ ደረጃ መዳቢ፣ በማግስቱ ክፍያ የሚፈጽም አሠራር፣ ተገበያዮች ተጯጩኸው ሲስማሙ እጅ ለእጅ የሚማቱበት ወለል ነበር። የጎደለው ሰው ነበር። በቆሎና ስንዴ ወደ ወለሉ የመጣው በጥቂቱ ነው። የእህል ነጋዴው ከደላላው ጋር ለዓመታት የገነባውን መተማመን ጥሎ ለማያውቀው አዳራሽ የሚሰጥበት ምክንያት አልታየውም።

ወለሉን የሞላው ቡና ነው፤ ቡናን ያመጣው ደግሞ ሕግ ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡና ግብይት በዚያ እንዲያልፍ አደረገ። ሰሊጥም ተከተለ። ግዴታው ሰውን ሰበሰበ። ከተሰበሰበ በኋላ ግን ብዙዎች ጥቅም አገኙ፤ ክፍያው ሳይዘገይ ይደርስ ነበር፤ ዋጋውም ማንም እንዲያየው ይለጠፍ ነበር። በክፍለ ሀገር ከተሞች የዋጋ ሰሌዳ ቆመ፤ በ929 የደወለ ሰው የዕለቱን ዋጋ በቋንቋው ይሰማ ጀመር። በአንጻሩ የቡናው ባለቤት ማን እንደሆነና ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ በመጋዘኑ ድብልቅ ጠፋ ያሉ ላኪዎች ብዙ ቅሬታ አሰሙ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ቀጥታ ሽያጭን በሰፊው ሲፈቅድ ግዴታው ላላ። በግዴታ የመጣ ሰው መውጫ ሲያገኝ የሚቆየው ጥቅም ካየ ብቻ እንደሆነ መድረክ የሚያቋቁም ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

ማድመጥና መመለስ

በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬው በ8028 ደውሎ የግብርና ምክር የሚሰማበት የስልክ መስመር ተከፈተ። ብዙ ሚሊዮን ጥሪ አስተናግዷል፤ ጥቅሙም አያጠያይቅም። ሆኖም የተቀረጸ ድምፅ ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። በሳምንታዊ ገበያ ግን ዋጋ የሰማ ሰው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም መንገድ ተበላሽቶ፣ ወይም ጾም ገብቶ፣ ወይም የደሴ ነጋዴ ገንዘብ አጥሮት እንደሆነ ይነገረዋል። ዋጋ ቁጥር ነው፤ ውሳኔ የሚሰጠው ምክንያቱ ነው። ምክንያት ደግሞ የሚገኘው ከጭውውት ነው።

የዚህ ዋጋ ጎልቶ የታየው በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዶች በየጊዜው ተዘጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ በስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ የዋጋ ልውውጥ ባንድ ቀን ይከስማል። ገበያ የወጣ ሰው ግን ቢያንስ ከጎረቤት ቀበሌ ከመጣው ይሰማል። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ያም ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ አንዲት ኩንታል በሁለት ቀበሌ ሁለት ዋጋ ታወጣለች፤ ልዩነቱንም የሚወስደው ማለፍ የቻለው ጥቂት ሰው ነው።

እንግዲህ አዲስ ገበያ ለማቆምም ሆነ የቀዘቀዘውን ለማሞቅ የሚያስብ ማዘጋጃ ቤት፣ የነጋዴ ማኅበር ወይም ኩባንያ ከሲሚንቶው በፊት የሚጨነቅባቸው ነገሮች አሉ። ቀኑን ከጎረቤት ገበያ ጋር የማይጋጭ ያድርገው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስማቸው የታወቀ ጥቂት ገዢዎችን ለምኖም ቢሆን ያምጣ፤ እነርሱን አይቶ ሻጭ ይከተላልና። የታመነ ሚዛን ያስቀምጥ። ክርክርን በዕለቱ የሚያይ፣ ጉቦ የማይበላ ሰው ይመድብ። የዕለቱን ዋጋና የጎረቤት ገበያዎችን ዋጋ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ሰሌዳውም አጠገብ ሰው ቆሞ የሚከራከርበት ጥላ ይኑር። ደላላውን ከማባረር ይመዝግበው። ቀረጡንም ገበያው እስኪለመድ ያቅልለው። ይህ ሁሉ ከቆርቆሮው ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው፤ የሚጠይቀው ግን በየሳምንቱ ሳይሰለቹ መገኘትን ነው።