ተጨማሪ መረጃ፦ ኪሮሽና የፊት መጥረጊያ

በፒያሳና በአራዳ የቆዩ ቤቶች ሶፋውም ጠረጴዛውም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሶ ማየት የተለመደ ነበር። ዳንቴሉ የሚሠራበት ያው ኪሮሽ፣ ተጠቅመው የሚጥሉትን ጥጥ የሚተካ፣ እየታጠበ የሚያገለግል የፊት መጥረጊያ ይሠራል።

ክር ፈላጊ ዛሬ መርካቶ ይወርዳል፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ከመያዙ በፊት ግን የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ክሩ ንጹሕ ጥጥ ይሁን። አክሪሊክ መልኩ ቢያምርም ውኃ የመምጠጥ አቅሙ ደካማ ነው። ቀጭን የዳንቴል ክር ከሆነ ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ይደረባል።

በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ 4 ሰንሰለት ተሠርቶ ጫፍና ጫፉ ሲያያዝ ቀለበት ይሆናል። ክሩ ኪሮሹ ላይ አንዴ እየተጠመጠመ፣ በቀለበቱ ውስጥ 12 ዓይን ይሠራል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ዓይን ላይ 2 ሲሠራ 24 ይደርሳል፤ በሦስተኛው በየሁለት ዓይኑ አንድ ሲጨመር 36። ጭማሪው ከተዘለለ ሥራው ጎብጦ ቆብ ይመስላል፤ ያኔ መተርተር ይሻላል።

በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። የልብስ ማለስለሻ ጥጡን ሸፍኖ ውኃ የመምጠጥ አቅሙን ስለሚቀንስ አይጨመርበት። እርጥቡን ታጥፎ የዋለ መጥረጊያ ባክቴሪያ ያራባልና፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ሳይደርቅ ፊትዎን አይጥረጉበት።