ውሻው የትል መድኃኒት ከዋጠ በኋላ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ኬሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰንበቴ የምትታወቀው በእሑድ ገበያዋ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ከብት፣ ፍየልና ግመል ይዞ ይገናኝባታል። ከብት ባለበት አገር በረት የሚጠብቀው ውሻ ነው፤ ከእርድ የተረፈው ጉበትና ሳንባ የሚጣለውም ለእሱ ነው። አንዳንዱ ትልም ወደ ውሻው የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። የትል መድኃኒት መስጠት ብቻውን ግን ሥራውን አይጨርስም፤ ዋናው ጥንቃቄ የሚጀምረው ውሻው ከዋጠ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አብዛኞቹ ውሾች ምንም አይሆኑም። አንዳንዱ ምግብ ይቀንሳል፣ ይተኛል፣ አንዴ ያስመልሰዋል ወይም ሆዱ ይላላል። ይህ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ትውከቱ ከደጋገመ፣ ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ከታየ ወይም ውሻው ከዛለ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። በተለይ ቡችሎች ይታሰብላቸው። ወስፋት ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ስለሚይዛቸው አንዳንዴ በብዛት ይጠራቀማል፤ የሞተው ትል አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ሆዱ የተነፋና የሚያስመልሰው ቡችላ ጊዜ አይሰጥም።

ቀጥሎ ባለቤቱን የሚያስደነግጠው የሚወጣው ትል ነው። ነጭና ረጅም ወስፋት፣ አንዳንዴም እየተንቀሳቀሰ፣ ለጥቂት ቀናት ሊታይ ይችላል። መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል እንጂ ክፉ ምልክት አይደለም።

ምንም ትል ካልታየስ? ኮሶ መጠጣት የለመደ አገር ትሉ ሲወጣ ማየት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጀርመን የተገኘው ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ ትል መድኃኒት ግን የኮሶ ትሉን ቆዳ ስለሚያበላሸው ትሉ እዚያው አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። ስለዚህ አለመታየቱ መድኃኒቱ አልሠራም አያሰኝም።

ከሁሉም የሚያሳስበው ኢኪኖኮከስ የተባለው ትንሽ የኮሶ ትል ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እንቁላሉ ሰው አፍ ከገባ ግን በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይፈጥራል፤ እባጩም ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ፕራዚኳንቴል ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። በመሆኑም መድኃኒት የወሰደ ውሻ ለ48 ሰዓት ያህል ቢታሰር፣ ዓይነ ምድሩም ተሰብስቦ ቢቃጠል ወይም በጥልቀት ቢቀበር ይመረጣል። ልጆች እንዳይነኩት፣ የሰበሰበውም ሰው እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ መስጠትም አይበቃም። አንጀት ያልደረሱት እጮች ከወስፋት መድኃኒት ስለሚያመልጡ ለቡችላ በየ2 ሳምንቱ ይደገምለታል። ለኢኪኖኮከስ ደግሞ አዲስ የገባ ትል እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ የሚመከረው በየ6 ሳምንቱ መስጠት ነው። መጠኑ በውሻው ክብደት ይወሰናል፤ ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት በግምት መስጠት አደገኛ ነው።

በአረፋም ሆነ በሠርግ እርድ ላይ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ካጋጠማችሁ ለውሻ አትጣሉ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ይህ ካልሆነ የተሰጠው መድኃኒት በሚቀጥለው እርድ ከንቱ ይቀራል።