የቤት የመሣሪያ ጓዳና የኤሌክትሪክ መስመሩ

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43,200 ኪሎ ዋት ኃይል ለማመንጨት ሲበቃ፤ በአዳማ (ናዝሬት) ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ የነበረው አሳብ ከአምፖሉና ከራዲዮኑ እምብዛም የሚርቅ አልነበረም። ዛሬ ግን በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል እየገቡ በአዳማ፤ በባቱና በሻሸመኔ መደብሮች የሚሸጡት ራውተር፤ የካሜራ መቅጃ፤ ሪሲቨርና ዩፒኤስ የየመኖሪያ ቤቱ ዕቃዎች ሆነዋል። እነዚህንም በየክፍሉ ከመበተን ይልቅ በአንዲት ጠባብ ጓዳ አሰባስቦ ማኖር እየተለመደ ነው። እንግዲህ የጓዳይቱ መስመር እንዴት ሊዘረጋ እንደሚገባ ማወቅ ለቤት ሠሪው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለሚያስመጣውና ለሚሸጠው ነጋዴም ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕቅዱ መውጣት ያለበት ግድግዳው ሳይለሰን ነው። ከልስን በኋላ የሚታሰብ መስመር ግድግዳ ያስፈርሳል፤ አለዚያም በማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ ያስቀጥላል፤ የዚህም መጨረሻው የጋለ ሶኬት ነው። ስለዚህ ለጓዳይቱ ከማከፋፈያው ሣጥን በቀጥታ የሚመጣ፤ ከሌላ ክፍል ጋር የማይጋራ፤ የራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ያለው መስመር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይዘርጋላት። የኔትዎርክ ኬብሉ ከኃይል ሽቦው ተለይቶ በሌላ ቱቦ ይለፍ፤ ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይብለጥ። አንድ ባዶ ቱቦ ለወደፊቱ ቢተው ደግሞ በኋላ ግድግዳ ከመቦርቦር ያድናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በጓዳይቱ ያሉት መሣሪያዎች በአንድነት 200 ዋት ቢወስዱ፤ በ24 ሰዓት 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ይህም ኃይል ከሞላ ጐደል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች በተዘጋ ጓዳ ውስጥ ሌት ተቀን በርተው እንደሚያድሩ ያህል ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቆላማ አየር ላይ ይህ ሲጨመር የመሣሪያው ዕድሜ ያጥራል። ስለሆነም ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፤ ከላይ የሞቀው የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅ። ነገር ግን በከተማይቱ ዳርቻ የተተከሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው የአዳማ ነፋስ አቧራም ይዞ ይመጣልና፤ ቀዳዳው በወንፊት ይሸፈን።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል ግፊት መሣሪያ ያቃጥላልና፤ የግፊት መከላከያ በማከፋፈያው ሣጥን ይግባ፤ የመሬት ሽቦም አይቅር። አፈሩ በበጋ በሚደርቅበት ስፍራ አጭር ዘንግ ብቻውን አይበቃም፤ እርጥበት ወዳለው አፈር ጠልቆ ይተከል። ዩፒኤስ የሚሸጡም ለገዢው እውነተኛውን ይንገሩት። ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ለ200 ዋት ጭነት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለራውተር ብቻ ቢውል ግን ጥቂት ሰዓታት ያገለግላል። ይህ አስቀድሞ ቢነገረው ገዢው በማግስቱ ዕቃውን ተሸክሞ ለአቤቱታ አይመለስም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሽቦው ነገር ነው። ላዩ በመዳብ የተለበጠ፤ ውስጡ ግን አልሙኒየም የሆነ ሽቦና የኔትዎርክ ኬብል በገበያ ይገኛል። መልኩ መዳብ ይመስላል፤ ዋጋውም ይረክሳል፤ ነገር ግን የመዳብን ያህል ኃይል ስለማያሳልፍ በጭነት ጊዜ ይግላል፤ መጋጠሚያውም እየላላ ይሄዳል። መለየቱ አይቸግርም፦ ጫፉ በቢላዋ ሲፋቅ ነጭ ከታየ መዳብ አይደለም፤ ጥቅሉም ሲነሣ ከእውነተኛው መዳብ ይቀልላል።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት ናሙና ያስፍቅ፤ ባለ ሱቁም ከመደርደሪያው ከማኖሩ በፊት እንዲሁ ያድርግ። ከአንድ ጥቅል ሽቦ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ሽቦው ግን ከልስን በታች ተቀብሮ፤ ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ቤት ብዙ ዓመት ይኖራል። ገዢው ግድግዳውን ፈልፍሎ ሊያየው አይችልም፤ ያለው መተማመኛ የሻጩ ቃል ብቻ ነው።