የኩባንያ አስተዳደርና አማና፦ የሙዷረባ አስቀማጭ መብት

የኩባንያ አስተዳደር የባለአክሲዮኖችን፣ የዳይሬክተሮች ቦርድንና የሥራ አስፈጻሚዎችን ሥልጣንና ኃላፊነት የሚወስን ሥርዓት ነው። መሠረቶቹ የሆኑት ግልጽነት፣ ተጠያቂነትና ፍትሐዊነት በእስልምና በአማና ሥር ይጠቃለላሉ።

በወለድ አልባ ባንክ ግን አንድ ልዩ ጥያቄ እናገኛለን። በሙዷረባ ውል ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ትርፉን ይጋራል፤ ባንኩ ቸልተኛ ካልሆነና ውል ካልጣሰ የገንዘቡን ኪሳራም ይሸከማል። ሆኖም ባለአክሲዮን ስላልሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የለውም። መቀመጫው ኳላ ላምፑር የሆነው የእስላማዊ ፋይናንስ አገልግሎቶች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣቸው የአስተዳደር መርሆች፣ አስቀማጩ ገንዘቡ የዋለበትን የመከታተል መብት እንዳለው ያሰፈረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ይህ ባንክ ሐላል ነውን?» ተብለን ስንጠየቅ፣ የወለድን አለመኖር ብቻ ሳይሆን ትርፍና ኪሳራ እንዴት እንደሚሰላ፣ የሸሪዓ ቦርዱም ከሥራ አስፈጻሚዎች ተጽዕኖ ነጻ መሆኑን ልናጣራ ይገባል።