የመኖሪያ ቤት አየር መመላለሻ ጥቅም

ሙንዮንዮ በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ደቡብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ስፍራው ለምድር ወገብ እጅግ የቀረበ ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ የቆላ በረሃን ያህል አይበረታም። ስለዚህ ቤትን ለማቀዝቀዝ ነፋስ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ቀን ምድሩ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በካምፓላ በብዙ ቤቶች ከመስኮቱ በላይ በግድግዳው የአየር ቀዳዳ ይተዋል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ በዚህ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛው በታች ገብቶ ይተካዋል። ቀዳዳዎቹ በትይዩ ግድግዳዎች ላይ ቢሆኑ ነፋሱ ቤቱን አቋርጦ ያልፋል። ነገር ግን ወባ ባለበት አገር ቀዳዳው ሁሉ በወንፊት ሽቦ ካልተሸፈነ፣ የነፋስ መግቢያ የተባለው የትንኝ መግቢያ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚያስቸግረው ብርድ ነው። ይሁን እንጂ ብርድን ፈርቶ ቤትን ፈጽሞ መድፈን ከብርዱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ከከሰል ፍም የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛም አየር የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል።

ስለዚህ የግድግዳውንና የበሩን ስንጥቅ መድፈን፣ ከምድጃው በላይ ግን የጢስ መውጫ፣ በታችም የንጹሕ አየር መግቢያ መተው ይገባል። እሳቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ እነዚህን መዝጋት፣ የከሰል ምድጃንም መኝታ ቤት አስገብቶ መተኛት አይገባም።